የአለቃ ቶኩሄይ ሞረድ

ሰው ከመጥፎ ልማዱ ይልቅ ከሚኮራበት ልማዱ መላቀቅ ይከብደዋል። መጥፎውን ሲነግሩት ቢያንስ ያፍራል፤ የሚኮራበትን ሲነኩበት ግን ሰይፍ እንደ መዘዙበት ይቆጥረዋል። በኦሳካ ዳርቻ፣ ትንንሽ ወርክሾፖች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በቆሙበት ሰፈር፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሠሪውን አለቃ ኩሳካቤ ቶኩሄይን በአንድ የሰኔ ጠዋት ያጋጠማቸው ይኸው ነበር።

አለቃ ቶኩሄይ ከካሚዶይ መንደር የተቃጠለ ሞተር በእጅ ጋሪ ጭነው እየጎተቱ ሲመለሱ የጋሪው ጎማ በባቡር ሐዲዱ መሻገሪያ ላይ ተሰነቀረ። የመሻገሪያው ደወል መደወል ጀምሮ ነበር። አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ብስክሌቱን ጥሎ ሮጠና ከኋላ ገፋላቸው። ጋሪው ተላቅቆ ብዙም ሳይርቅ ባቡሩ ነፋሱን እየጎተተ አለፈ።

ሁለቱም ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ቆሙ። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ናሩሴ ሚትሱሩ እባላለሁ። በአውራጃው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ መምህር ነኝ። ሞተሩን ምንም አላገኘውም?»

«ከዚህ በላይ ምን ያገኘዋል?» አሉ አለቃ ቶኩሄይ ላባቸውን እየጠረጉ። «አስከሬን ነው የገፋህልኝ።»

ወጣቱ ፈገግ ብሎ ወደ ሞተሩ ሆድ ተመለከተ። ሽቦው ከስሎ ነበር። የወጣቱን ዓይን የያዘው ግን ሽቦው ሳይሆን ብረቱ ነው። የውስጡ ግድግዳ ከጥላሸቱ ሥር እንደ መስተዋት ያበራል፤ በጥርሶቹ ጫፍ ላይም እዚህም እዚያም እሳት የነካው ብረት የሚያወጣው ሰማያዊ ጥላ ተኝቷል።

«ይህን የውስጡን ግድግዳ ማን ነው እንዲህ ያለሰለሰው?»

«እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ» አሉ አለቃ ቶኩሄይ። ከጠዋት ጀምሮ ደስ ያላቸው ገና አሁን ነበር።

«እንግዲህ ቢቆጡኝም ልናገር። ሞተሩን ያቃጠለው ይህ ማለስለስ ይመስለኛል።»

አለቃ ቶኩሄይ የጋሪውን እጀታ አንሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ነገር ግን ንብረቱን ከባቡር ያተረፈለትን ሰው ሻይ ሳያቀምሱ ማሰናበት በዚያ ሰፈር ነውር ነው። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞር ሳይሉ፣ «ና፤ ሻይ ጠጣ። ከጠጣህ በኋላ እጣላሃለሁ» አሉት።

ነገሩ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ስለ ሞተር አሠራር ጥቂት መናገር ይገባል። ሞተር ሁለት አካል አለው። አንዱ ስቴተር ነው፤ እንደ በርሜል ክብ ሆኖ ባለበት ይቆማል። ሁለተኛው ሮተር ነው፤ በስቴተሩ ሆድ ውስጥ በዘንግ ላይ ሆኖ ይዞራል። ሁለቱም ከድፍን ብረት አይጠረቡም፤ እጅግ ከሳሱ ላሜራዎች ተደራርበው ይሠራሉ እንጂ። የስቴተሩ ላሜራዎች ወደ ውስጥ የወጡ ጥርሶች አሏቸው፤ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ የመዳብ ሽቦ ይጠቀለላል። በሮተሩ ቦዮች ደግሞ የቀለጠ አሉሚኒየም ይፈስሳል፤ ጫፍና ጫፉም በቀለበት ይያያዛል። ሮተሩ ስቴተሩን ሳይነካ፣ ነገር ግን ሊነካው ምንም ያህል ሳይቀረው መዞር አለበት።

በአለቃ ቶኩሄይ ወርክሾፕ አንድ ሥርዓት ነበረ። ላሜራዎቹ ተደርድረው በብሎን ከታሰሩ በኋላ የስቴተሩ ሆድ በሞረድ ይሞረዳል፤ ከዚያም ሰው ጥርሱን እስኪያይበት ድረስ ዘይት በነካው መሳያ ድንጋይ ይታሻል። ሥርዓቱን ያወረሷቸው ሟቹ መምህራቸው ሂኮዞ ቁልፍ ሠሪ የነበሩ ሰው ናቸው። «ደንበኛ የማያየውን ቦታ አሳምር፤ ጠባይህ ያለው እዚያ ነው» ይሉ ነበር። ቃሉ መልካም ቃል ነው። ችግሩ መልካም ቃልም ያለ ቦታው ሲውል ሰውን ማሳሳቱ ነው።

በዚያ ጠዋት ጉዳዩ ከጠባይ ያለፈ ነበር። የካሚዶይ መንደር የላይኛው የሩዝ ማሳ ከወንዙ ከፍ ያለ ስለሆነ ውኃ የሚያገኘው በፓምፕ ብቻ ነው። ዝናቡ ዘግይቷል፤ ችግኙ ለመተከል ደርሷል። አለቃ ቶኩሄይ ለፓምፑ የሠሩት ሞተር ባለፈው ዓመት ተቃጠለ፤ በምትኩ የሰጡት ደግሞ ይኸው በጋሪው ላይ መጣ። ሦስተኛው ተሞርዶና ታሽቶ፣ ሽቦ ብቻ ቀርቶት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «ይህኛው አይቃጠልም» ብለው ለውኃ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቃል ሰጥተዋል። ይህም ከተቃጠለ የላይኛው ማሳ ባለቤቶች በዚህ ዓመት ሩዝ አያጭዱም።

ሽቦ የምትጠቀልለው የልጃቸው ሚስት ሳዋኤ ናት። የገብስ ሻይና በጨው የተቀመጠ ነጭ ፍጅል አቀረበችና ሥራዋን የምትቀጥል መስላ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

«እሺ መምህር፣» አሉ አለቃ ቶኩሄይ፣ «ብረት ማሳመር ወንጀል ነው ብላችሁ ነው የምታስተምሩት?»

«አይደለም አለቃ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ላሜራው ለምን ተነጣጥሎ ይደረደራል? ከአንድ ድፍን ብረት ቢጠረብ አይቀልም ነበር?»

«ድፍን ብረት ይግላል። ይህን የሰፈሩ ድመትም ያውቃል።»

«ለምን ይግላል?»

አለቃ ቶኩሄይ ሻያቸውን ጠጡ። መምህራቸው «ይግላል» ብለዋቸው ነበር፤ «ለምን» የሚለው ጥያቄ ግን በዚያ ቤት ጣራ ሥር ተሰምቶ አያውቅም። የሚጠይቅ ሰው፣ «ዓይን የለህም? አይተህ ተማር» ይባል ነበር።

«ኤሌክትሪክ ነዋ፤ ጠባዩ ነው» አሉ በመጨረሻ። ሳዋኤ ፊቷን ወደ ሽቦው አቀረቀረች።

«ጠባዩስ ነው» አለ ሚትሱሩ በአክብሮት። «በሽቦው ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል፤ ወዲያው ይገለብጠዋል፤ መልሶ ይገለብጠዋል። በተገለበጠ ቁጥር በብረቱ ውስጥ ሌላ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ይህ ልጅ ሥራ ፈት ነው። ዘንግ አያዞርም፣ ውኃ አይስብም፤ በብረቱ ውስጥ እየተሽከረከረ ቤቱን ያግላል። ላሜራ የምንደረድረው ለእርሱ መንገድ ለመንፈግ ነው። የሩዝ ማሳን ያስቡ። ማሳው በድንበር ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ክፍል ውኃ በየቤቱ ጸጥ ይላል። በላሜራና በላሜራ መካከል ያለው ቫርኒሽ ያ ድንበር ነው።»

«ቫርኒሹን የምቀባው እኔ ራሴ ነኝ። ድንበር አፍርሼ አላውቅም።»

«በሞረድ ያፈርሱታል። ሞረዱ ሲያልፍ የአንዱን ላሜራ ጠርዝ እየጎተተ በጎረቤቱ ላይ ያለብሰዋል፤ ድንጋዩ ደግሞ ጨርሶ ያዋህዳቸዋል። በጀርባ በኩል ብሎኖቹ ቀድመው አያይዘዋቸዋል። በሆድ በኩል እርስዎ ሲያያይዟቸው ክቡ ተዘጋ፤ ሥራ ፈቱም መዞሪያ አገኘ። ፊትዎን የሚያዩበት መስተዋት፣ አለቃ፣ የፈረሰ ድንበር ነው።»

አለቃ ቶኩሄይ ስኒውን አስቀመጡ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ የሚያውቋቸው ግን የሚፈሩት ያንን ዝግታቸውን ነበር።

«አንተ ልጅ፣ መምህሬ ሂኮዞ የሞረዷቸው ሞተሮች ከጦርነቱ በፊት ጀምረው እስከ ዛሬ ይዞራሉ። የጎረቤቴ የኑድል ማሽን በእርሳቸው ሞተር ነው የሚሠራው። እርሱ ለምን አልተቃጠለም?»

«ጥያቄው ተገቢ ነው። በመምህርዎ ዘመን ብረትና መዳብ እንደ ልብ ስለነበረ ሞተሩ ሰፊ ልብስ ለብሶ ነበር። ዛሬ መዳብ ጠፍቶ እርስዎም እንደ ሌላው ሁሉ ልብሱን አጥብበውታል። ወፍራም ሰው ትኩሳት ይችላል፤ ከሲታውን ግን አንድ ቀን ይጥለዋል። ደግሞስ የኑድል ማሽኑ ጠዋት ሠርቶ ያርፋል። የካሚዶይ ፓምፕ በተከላ ወቅት ያርፋል?»

«አያርፍም» አለች ሳዋኤ ሳትጠየቅ።

«አንቺ ሽቦሽን ጠቅልይ።»

«እጠቀልላለሁ አባባ። የምጠቀልለውን ሁሉ ከሰል ሆኖ ስለማየው ነው የተናገርኩት።»

አለቃ ቶኩሄይ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ስቴተሩ ካልተሞረደ ሮተሩ ይላተማል። ይህንንስ በትምህርት ቤት አልነገሩህም?»

«ላሜራዎቹ ሲደረደሩ ስለሚዛነፉ ነው የሚላተመው። በክብ ግንድ ላይ ተሰክተው ከተደረደሩ አይዛነፉም። እርማት ካስፈለገ ደግሞ ከሮተሩ ብረት እያዞረ በሚቀርጸው ቶርኖ ይቀነስ፣ በጣም በተሳለ ቢላ፣ በስሱ። የስቴተሩ ማግኔት እየዞረ ይሄዳል፤ ሮተሩም ከኋላው እየተከተለ እኩል ሊሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። አብሮ የሚሮጥ ሰው ሯጩን ቆሞ እንደሚያየው ሰው ያህል አይናወጥም። ስለዚህ የሮተሩ ብረት መነካቱን ይችለዋል፤ የስቴተሩ ግን አይችልም።»

«እጅህን አሳየኝ።»

ሚትሱሩ መዳፉን ዘረጋ። አለቃ ቶኩሄይ በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«እንደ አኩሪ አተር አይብ የለሰለሰ ቶፉ ነው። በዚህ እጅ ሞረድ ይዘህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። የእኔ እጅ ለዚህ ፍርድ አይበቃም፤ የእርስዎ እጅ ይፍረድ።»

የተማረ ሰው በክርክር ማሸነፍ ሲችል ክርክሩን ትቶ ማስረጃ ማቅረቡ ታላቅ ጨዋነት ነው። ያሸነፉት ሰው ቂም ይይዛል፤ በገዛ እጁ ዳስሶ ያረጋገጠ ሰው ግን ነገሩን የራሱ ያደርገዋል። ሚትሱሩ ሁለት ስቴተሮች እንዲቀርቡለት ለመነ። አንዱ ለካሚዶይ የተዘጋጀውና የሚያበራው ነበር። ሌላው ተደርድሮ ገና ያልተሞረደ፣ ለአንድ ወፍጮ ቤት የታሰበ አነስተኛ ስቴተር ነው። በእያንዳንዱ ሆድ ውስጥ ወፍራም ሽቦ እያሾለከ እንደ መጠናቸው ጠቀለለባቸው። በጥርሶቻቸው ጫፍ ላይ የሻማ ጠብታ አንጠባጠበና ኤሌክትሪኩን ለቀቀ።

ብረቶቹ አጉረመረሙ። ለጊዜው ሌላ የሆነ ነገር አልነበረም። አለቃ ቶኩሄይ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው፣ «ሻማ በብረት ላይ ስናበስል ዋልን» አሉ፤ ሁለቱ ሠራተኞቻቸውም ሳቁ።

ቆይቶ ግን በሚያበራው ስቴተር ላይ ከጠብታዎቹ አንዱ ነጭነቱን ትቶ ጠራ፤ ተንሸራቶም ወረደ። ሌላው ተከተለው። ባልተሞረደው ላይ ያሉት ሁሉ ነጭ እንደ ሆኑ ቀሩ። አለቃ ቶኩሄይ ቀረቡና መጀመሪያ መዳፋቸውን ባልተሞረደው ላይ አሳረፉ፤ ለብ ያለ ነበር። ከዚያ በሚያበራው ላይ አሳረፉ፤ እጃቸውንም አላነሡም።

«አባባ፣ እጅዎ» አለች ሳዋኤ።

አነሡት። መዳፋቸው ቀልቷል። ቀጥለው የተናገሩት ለራሳቸው ይመስል ነበር።

«ሽቦው መጥፎ ነው እል ነበር። ይኸው የእኛ ጥቅል ገና አልገባበትም።»

«አልገባበትም» አለ ሚትሱሩ።

«ገበሬው ያለ ልክ አሠራው እል ነበር። ፓምፕ አልጎተተም።»

«አልጎተተም።»

«እርጥበት ነው እል ነበር። ከወርክሾፔ አልወጣም።» ኤሌክትሪኩን በገዛ እጃቸው አጠፉት። «ታዲያ ዕድሜዬን ሙሉ ያሳመርኩት ጥፋት ከሆነ፣ አሁን ምን ላሳምር?»

ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ሚትሱሩ ግን መልሱን ፈልጎ የሚያገኝ ሳይሆን ሲጠብቀው የቆየ መሰለ።

«የመምህርዎ ቃል አልተሻረም። የማይታየውን ቦታ ያሳምሩ፤ ቦታው ግን ሆዱ አይደለም። እያንዳንዱ ላሜራ ከመቁረጫው ሲወጣ ሹል ጠርዝ ይተርፈዋል፤ ሳይደረደር በፊት ያ ጠርዝ አንድ በአንድ ይነሣ። ቫርኒሹ በሁለቱም ፊት ይዳረስ። ብሎኖቹ ብረቱን እንዳይነኩ ወፍራም ወረቀት ይልበሱ። ከታሰረ በኋላ ማንም ሞረድ ይዞ አይቅረበው። ሥራው ከበፊቱ ይበዛል፤ ሲያልቅም ፊትዎን አያሳይዎትም።»

«እንኳን ደንበኛው እኔም አላየውም ማለት ነው።»

«አዎ፤ አያዩትም።»

«መምህር ሂኮዞ ይህን ቢሰሙ ይወዱት ነበር» አሉ አለቃ ቶኩሄይ፤ ወዲያውም የብሎን መፍቻቸውን አነሡ።

የመጀመሪያውን ብሎን ሲፈቱ የውኃ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኢዋታሪ ካንጂ በበሩ ገባ። የልጅነት ጓደኛቸው ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የለበሰ፣ ለሰላምታ ጊዜ የሌለው ሰው።

«ቶኩሄይ፣ ሞተሬን እየፈታህ ነው እንዴ? ወይስ ዓይኔ ነው?»

«ዓይንህ ደህና ነው። እየፈታሁት ነው።»

«ችግኙ መደቡ ላይ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፤ አንተ ዕቃ ትፈታለህ። ሚስቶቻችን ምን እያሉ እንደሆነ ታውቃለህ? የቶኩሄይ ሞተር ሩዝ ለመቀቀል እንጂ ሩዝ ለማጠጣት አይሆንም ነው የሚሉት።»

ሠራተኞቹ ወደ አለቃቸው ሳያዩ ቆሙ። አለቃ ቶኩሄይ ሁለተኛውን ብሎን ፈቱ።

«እውነታቸውን ነው።»

ኢዋታሪ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዳለ ስጠኝ እንጂ» አለ። «ሳዋኤ ትጠቅልልበትና ነገ ልውሰደው። እንዴት እንደሚያምር እየው፤ ያበራል እኮ።»

«ስለሚያበራ ነው የማልሰጥህ። ይህን ወስደህ ማሳውን ብታጠጣ፣ ተከላው እኩሌታ ሲደርስ ይቃጠልብሃል። የተተከለ ችግኝ ከሚደርቅብህ መደቡ ላይ ቢቆይህ አይሻልም?»

«እስከ መቼ ይቆያል?»

«ፈትቼ፣ ጠርዙን አንሥቼ፣ ቀብቼ፣ ደርድሬ፣ ጠቅልለን፣ በምድጃ አድርቀን እስክናመጣ። እስከዚያ መደቡን በእግር በሚረገጠው መዘውር አጠጡት።»

«የሚረግጥ ጉልበት የት አለ? ወጣቱ ሁሉ ከተማ ፋብሪካ ገብቷል።»

«እነዚህ ሁለቱ ከአንተ ጋር ይሄዳሉ» አሉ ወደ ሠራተኞቻቸው እየጠቆሙ። «ማታ ማታ እኔም መጥቼ እረግጣለሁ። ቃል የሰጠሁህ እኔ ነኝ፤ ጉልበቱም ከእኔ ቤት ይውጣ።»

ኢዋታሪ ጓደኛውን ትክ ብሎ አያቸው። «በዚህ ዕድሜህ መዘውር ላይ ወጥተህ ብትወድቅ ሞተር ሳይሆን አንተን ነው የምንቀብረው» አለ፤ ነገር ግን ሠራተኞቹን ይዞ ወጣ።

ሥራው ተጀመረ። አለቃ ቶኩሄይ ሌሎችን ሲያዝዙ የኖሩ ሰው ሲሆኑ ያንን ሥራ ግን ለማንም አልሰጡም። እያንዳንዱን ላሜራ በጣታቸው ዳር እየዳሰሱ፣ ሹል ጠርዙን እያነሡ፣ ለሳዋኤ ያቀብላሉ፤ እርሷ ትቀባለች፤ ባሏ፣ የአለቃው ልጅ፣ በምድጃው ያደርቃል። ሚትሱሩ ትምህርት ቤቱ እንደ ተዘጋ እየመጣ ክብ ግንዱን በቶርኖ አስተካክሎ አወጣ። ሁለት ጊዜ አበላሽቶት ነበርና አለቃ ቶኩሄይ፣ «ቶፉ እንዲህ ነው፤ ሲሞቅ ይጠነክራል» እያሉ ያጽናኑት ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ አለቃው ወደ ካሚዶይ ሄደው መዘውር ይረግጣሉ። መልካም ውሳኔ በአንድ ቅጽበት ይወሰናል፤ የሚጸናው ግን እንዲህ ባለ ድካም ነው። ስህተቱን አምኖ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ስቴተሩ ተደርድሮ ሲታሰር ሆዱ ደብዛዛ ነበር፤ የላሜራዎቹም ጠርዝ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ገጽ ይቆጠር ነበር። ሽቦው ከመግባቱ በፊት እንደገና በኤሌክትሪክ ተፈተነ፤ ለብ ከማለት አላለፈም። ሳዋኤ ሽቦውን ጠቀለለች፤ ቫርኒሽ ጠጥቶ በምድጃ ደረቀ። ሮተሩም ገባ፤ በእጅ ሲያዞሩት ድምፅ አልሰጠም።

ሞተሩ በካሚዶይ ወንዝ ዳር ሥራ በጀመረበት ቀን ውኃው በቦዩ ወጥቶ ወደ ላይኛው ማሳ ፈሰሰ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ችግኙን ይዘው ወረዱ። ቀኑ መሸ፤ ነጋ፤ ፓምፑ አላረፈም። አለቃ ቶኩሄይ በየጊዜው እየመጡ የሞተሩን ጎን ይዳስሳሉ። ሙቀቱ የሚሠራ ሰው ገላ ሙቀት ነበር እንጂ የበሽተኛ ትኩሳት አልነበረም። ተከላው እስኪፈጸም ድረስም አልቆመም። የመጨረሻው ችግኝ የተተከለ ለት ኢዋታሪ በማሳው ዳር ቆሞ፣ «እንግዲህ ሚስቶቻችን ሩዛቸውን በሌላ ነገር ይቀቅሉ» አለ።

ከለውጡ የተገኘው ጥቅም ይህ ብቻ አልነበረም። ብረቱ ሳይግል ሲቀር ሽቦው ዕድሜ አገኘ፤ ወረቀቱና ቫርኒሹም እየከሰሉ መርገፋቸው ቀረ። በከንቱ ሲሽከረከር የነበረው ኃይል ዘንጉን ወደ ማዞር ስለገባ፣ በዚያው ኤሌክትሪክ የበለጠ ውኃ ወጣ። ሳዋኤ የተቃጠለ ሽቦ ስትነቅል የምታጠፋውን ቀን አዲስ ስትጠቀልል ዋለችበት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዚያ ቤት «ለምን» ማለት ድፍረት መሆኑ መቅረቱ ነው። አለቃ ቶኩሄይ የሚያውቁትን ይመልሳሉ፤ የማያውቁትን ለሚትሱሩ ያቆዩለታል። ሠራተኞቹም አይተው ብቻ ሳይሆን ጠይቀው መማር ጀመሩ። ልማድ የአባቶች አደራ ነው፤ አደራ ግን የሚጠበቀው ዓላማው ታውቆ ሲያዝ ነው። ዓላማውን ሳያውቅ ልማዱን ብቻ የያዘ ሰው ሣጥኑን አቅፎ በውስጡ የነበረውን ገንዘብ እንደ ጣለ ይቆጠራል።

ተከላው ካለቀ በኋላ አለቃ ቶኩሄይ መፍቻዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሄዱ። የቤቱን ባለቤት ወይዘሮ ኡሜዮን የመታጠቢያው ውኃ በሚሞቅበት የምድጃ ክፍል ውስጥ፣ ወደ እሳቱ አየር የሚነፋውን ማሽን ሞተር በዘይት ጨርቅ ስትወለውል አገኟት። ሞተሩ እርሳቸው ሠርተው ሆዱን በሞረድ ያሳመሩት ነው።

«አጥፊልኝ፤ ልወስደው ነው» አሉ።

ወይዘሮ ኡሜዮ ወደ ሞተሩም ወደ እርሳቸውም አየች። «ምን አጠፋ? ደህና ይሠራል እኮ፣ አለቃ። ማንም አልከሰሰዎትም።»

«እስካሁን ደህና ይሠራል» አሉ አለቃ ቶኩሄይ፤ ጎንበስ ብለውም የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመሩ።